ልብወለዱ ይቅደም ወይስ ማስታወሻው? ለአንድ ዘመን ሁለት ሁለት መጽሐፍ

መጽሐፍ ጠቁመኝ የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ደራሲ ሳይሆን ስለ ዘመን ነው። "ስለ ጣሊያን ጊዜ ምን ላንብብ?"፣ "ስለ ቀይ ሽብር ጥሩ መጽሐፍ የቱ ነው?"፣ "ልጄ አሜሪካ ነው ያደገው፣ ስለ ስደት የሚያነበው ነገር አለ?" እያሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት መልስ አለ። አንዱ ልብወለድ ነው፣ ሌላው በዘመኑ የኖረ ሰው የጻፈው ማስታወሻ። ለሁለቱም ገንዘብ ወይም ጊዜ የሌለው ሰው የቱን ያስቀድም? ሰሞኑን ካነበብኳቸውና እንደገና ካገላበጥኳቸው መካከል ደስ ያሰኙኝን ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ ምርጫዬን ላስቀምጥ።

"እውነቱን የሚፈልግ ማስታወሻ ይግዛ፣ ጨዋታ የሚፈልግ ልብወለድ" የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። እኔ አልስማማበትም። ማስታወሻ ጸሐፊ ስሙን አስይዞ ነው የሚጽፈው። ልጆቹ ያነቡታል፣ የተጣላቸው ሰዎች ያነቡታል፣ አብረውት የታሰሩት ያነቡታል፤ ስለዚህ ሳይታወቀው ብዙ ገጽ ለራሱ ጥብቅና ሲቆም ያልፋል። ልብወለድ ጸሐፊ ግን ድካሙንና ፍርሃቱን ለገጸ ባሕርይ አሸክሞ መናገር ይችላል። በሌላ በኩል የኖረ ሰው የሚያመጣውን ዝርዝር ማንም ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም። ታዲያ እኔ መደርደሪያ ፊት ቆሜ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ፤ ጸሐፊው የሚሸነፍበትን ገጽ እፈልጋለሁ። ማስታወሻ ከሆነ ጸሐፊው ከሰው የተጋጨበትን ቦታ ገልጬ፣ ተቃራኒው አንዲት እንኳን የረባ ቃል ተሰጥቶት እንደሆነ አያለሁ። ልብወለድ ከሆነ ደራሲው የሚጠላውን ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚያናግረው አያለሁ። ፊትና ኋላ ሽፋኑ ላይ ያለው አስተያየት ለዚህ አይረዳም፤ ወዳጅ ነው የሚጽፈው።

የድሮው ሥርዓት፦ ፍቅር እስከ መቃብር ወይስ የተክለሐዋርያት የሕይወት ታሪክ?

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያላነበበ ሰው እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ወይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል፣ ወይ ቤት ውስጥ የሰማ ሰው ነግሮታል። ለዚህም ነው ብዙዎች "አውቀዋለሁ" ብለው የማይገዙት። እኔ ደግሞ የምለው፣ የምታውቁት የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር ከሆነ ግማሹን መጽሐፍ አታውቁትም። ሰሞኑን ስደግመው የያዘኝ ፍቅሩ አልነበረም። የያዘኝ ገበሬዎቹ ተጨማሪውን ግብር አንከፍልም ብለው ሲነሡ፣ ፊታውራሪ መሸሻ በዚያ ዕድሜያቸው ታጥቀው የገበሬዎቹን መሪ አበጀ በለውን ሊወጉ የሚዘምቱበት ክፍል ነው። አስቂኝ ነው፣ በጣም አስቂኝ። ግን ሐዲስ ሽማግሌውን መሳቂያ ብቻ አድርገው አይተዋቸውም። በዘር ቆጠራቸው ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀሩ እኒያው ሰው፣ ዓለማቸው እጃቸው ላይ ሲፈርስ ያሳዝናሉ። ከላይ ያልኩት መለኪያ እዚህ ይሠራል። ደራሲው የሚቃወመውን ሥርዓት የሚወክለው ሰው ክብሩ አልተገፈፈም።

ከዚህ ጋር የማጣምረው ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ራሳቸው የጻፉትን የሕይወት ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ አይፍሩት። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከቤቱ የወጣ ልጅ ታሪክ ናቸው። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ትምህርቱ ከዲማ ጊዮርጊስ አውጥቶ ፊታውራሪ ቤት ያደርሰዋል፣ እዚያም ዘር የሚባል ግድግዳ ይገጥመዋል። ተክለሐዋርያት ሐረር በራስ መኮንን ቤት አድገው፣ ገና ልጅ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋን በዓይናቸው አይተው፣ ሊዮንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ተሻግረው ሩሲያ በመድፈኛነት ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። አንዱ ልጅ በልብወለድ ውስጥ ያልቻለውን ሌላው በእውኑ ዓለም ያደርገዋል፤ ነገር ግን ግድግዳው እሳቸውንም በሌላ መልክ ይጠብቃቸዋል።

ዐድዋን በልጅ ዓይን የሚያሳየው ክፍል ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣል። ስለ ዐድዋ የምናነበው አብዛኛው ጽሑፍ ከጄኔራልና ከንጉሥ ቁመት የታየ ነው፤ እዚህ ግን የምናየው የልጅ ቁመት ያየውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውም ቀላል ሕይወት አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ በጄኔቭ መንግሥታቱ ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ወክለው የቆሙት እኚሁ ሰው ናቸው። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር መውጣታቸውን አጥብቀው ከተቃወሙትም አንዱ ናቸው።

የመጽሐፉ ጉድለት የጸሐፊው ጉድለት ነው፤ ሁልጊዜ ትክክል ናቸው። ምክራቸውን የሰማ ይድናል፣ ያልሰማ ይወድቃል። ይህ በሌላ ሰው እጅ አሰልቺ ይሆን ነበር፤ እሳቸው ግን ቁጣቸውን አያለዝቡትም፣ ይሉኝታ አያውቃቸውም፣ መሳፍንትና መኳንንቱን እንደ ጎረቤት ስም እየጠሩ ይተቻሉ። የኛ ሰው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጨዋነት ነው፤ እዚህ ጨዋነት አያስቸግርም።

የቱን? ቋንቋ ፈልጋችሁ ከሆነ ሐዲስን። እንደዚያ ዓይነት የጎጃም ንግግር፣ እንደ ጉዱ ካሳ ያለ አፈኛ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሀገሪቱ በዚያ ዘመን እንዴት ትሠራ እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር ምን ተነጋግሮ ነገር እንደሚወሰን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ያለ ጥርጥር ተክለሐዋርያትን። ለኔ ዘንድሮ ተክለሐዋርያት በልጠውብኛል፤ ምናልባት ፍቅር እስከ መቃብርን አስቀድሜ ስለማውቀው ይሆናል። ልብወለዱን ገና ያልነካ ሰው ግን በልብወለዱ ይጀምር። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቀስ ይላሉ፤ ስለ ማንኩሳ፣ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ የሚያወራው ክፍል ላይ ተስፋ ቆርጠው የተዉት ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። በዛብህ ዲማ እስኪደርስ ታገሡ።

የጣሊያን ጊዜ፦ ትዝታ ወይስ ዘ ሻዶው ኪንግ?

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ምርጫው ብዙም አያከራክርም። ትዝታ ያው የሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ግንባር የዋሉበትን፣ ተማርከው ወደ ጣሊያን የተጋዙበትንና በደሴት እስር ያሳለፉትን ይተርካሉ። ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፈ እጅ መሆኑን ያወቀ አንባቢ አረፍተ ነገሩ እንዴት እንደደረቀ ይገርመዋል። ልብወለዱ ላይ የሚጫወተው ሰው እዚህ ቃል ይቆጥባል፣ ራሱንም ጀግና አያደርግም። መጽሐፉ ሲያልቅ ግን የሚያንገበግበኝ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ስንቅ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ ያነሡት፣ ከሠራዊቱ ኋላ ያዘገሙት ሴቶች የት ሄዱ? በማስታወሻዎቻችን ውስጥ አሉ፣ ግን የሚያልፉት በጅምላ ነው፤ ስም የላቸውም።

የማዛ መንግሥቴ ዘ ሻዶው ኪንግ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣ ሲሆን በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ ከአባቷ የወረሰችውን ጠመንጃ በጌታዋ ትነጠቃለች፤ ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል። ደራሲዋ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዘው መዝመታቸውን ያወቀችው መጽሐፉን እየጻፈች ባለችበት ጊዜ መሆኑን በየቃለ መጠይቁ ተናግራለች። ልብወለዱ የሚደፍረው ነገር አለ፤ አርበኛውን ጀግናም ደፋሪም አድርጎ በአንድ ሰው ውስጥ ያሳያል። ይህን በማስታወሻ የጻፈልን የለም፣ የሚጽፍም አይመስለኝም። የማልወደው አጻጻፉ አንዳንድ ቦታ መዘመር ሲያበዛ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያም ሆኖ ለዚህ ዘመን ልብወለዱን አስቀድማለሁ፤ ቀጥሎ ትዝታን።

አብዮቱ፦ ኦሮማይ ወይስ ማማ በሰማይ?

ጓደኞቼ የሚጣሉኝ እዚህ ላይ ነው። ኦሮማይን የምንወድ ሰዎች ወገንተኞች ነን፤ መጽሐፉ የደራሲውን ሕይወት ስላስከፈለ ስለ መጽሐፉ ክፉ መናገር ይከብደናል። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ላይ ሆኖ ተከታተለ፤ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ሁሉ ከገጹ ውጪ ያለ ታሪክ ነው። ገጹ ላይ ያለውስ?

ገጹ ላይ ያለው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው፤ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ይሄድና ፊያሜታ ጊላይ ላይ ይወድቃል። አሥመራ ራሷ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ቡና ቤቶቿ፣ የምሽት ሽርሽሯ፣ ቀን ስብሰባ ሌሊት ጭፈራዋ። በዓሉ አረፍተ ነገሩን አጭር አድርጎ ይጽፋል፤ በጋዜጠኛ ፍጥነት። በአንድ ቀን ተኩል ያለቀለት ሰው አውቃለሁ። እኔን ግን ዘንድሮ ሳነበው የያዘኝ ስለላው ወይም ፍቅሩ ሳይሆን ስብሰባዎቹ ናቸው። የዘመቻው ባለሥልጣናት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲናገሩ፣ እያንዳንዱ የሚናገረውን ሳያምን ሌላው እንዳመነ መስሎት ሲቀጥል፣ ጸጋዬም ይህን ሁሉ እየመዘገበ እሱም ሲያጨበጭብ ታያላችሁ። የማያምንበትን ነገር በጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በዓሉ ይህን ስለ ሌላ ሰው እየጻፈ አልነበረም። ማስታወሻ ቢጽፍ ኖሮ ለራሱ ምክንያት ይፈልግ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በጸጋዬ በኩል ግን ምክንያት አልፈለገም።

ድክመቱን ደግሞ ልናገር፤ ሴቶቹ። ፊያሜታ ቆንጆ ናት፣ በየገጹ ቆንጆ ናት፣ ከዚያ በላይ ምን እንደምታስብ ለማወቅ ብዙ ማንበብ አለባችሁ። ሮማን ደግሞ ጭራሽ ከስልክና ከናፍቆት አታልፍም።

ማማ በሰማይን ከጎኑ የማስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሕይወት ተፈራ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ በአማርኛም ወጥቶ በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት በጥናት ክበብ በኩል ወደ ኢሕአፓ ትገባለች፣ ጌታቸው ማሩን ትወዳለች። ጌታቸው ከፓርቲው አመራር ጋር በከተማው የትጥቅ ትግል ላይ ይለያያል፣ በመጨረሻም የገደሉት የገዛ ጓዶቹ ናቸው። እሷ ደግሞ በደርግ እጅ ገብታ ስምንት ዓመት ትታሰራለች። በአንድ በኩል መንግሥት፣ በሌላ በኩል ፓርቲ፤ መሐል ላይ አንዲት ልጅ።

ስለዚያ ትውልድ የተጻፉ ማስታወሻዎች መደርደሪያ ሞልተዋል። ብዙዎቹን የማነበው እንደ ክስ መዝገብ ነው። ማን በየትኛው ስብሰባ ምን አለ፣ ማን ከዳ፣ መስመሩን ማን አጣመመው። ለታሪክ አጥኚ ይጠቅማሉ፣ ለኔ ቢጤ አንባቢ ግን ከመቶኛው ገጽ በኋላ ስሞቹ ይቀላቀሉብኛል። የደርግ ባለሥልጣናት የጻፏቸውም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ ከጎናቸው በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ሕይወት ተፈራ ከዚህ የወጡት በአንድ ነገር ነው። ያኔ ያምኑት የነበረውን ነገር ዛሬ ባላቸው ዕውቀት አያርሙትም። ወጣቷ ልጅ ስታምን እናንተም አብራችሁ ታምናላችሁ፤ ፓርቲው ተሳስቶ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ራሷን እንዴት እንደምትገሥጽ ታያላችሁ። እምነት ሰውን ከውስጥ እንዴት እንደሚይዘው ያን ያህል በግልጽ የተጻፈ በአማርኛ አላነበብኩም። ጸሐፊዋ የሚሸነፉበትን ገጽ መፈለግ አያስፈልግም፣ መጽሐፉ በሙሉ እሱ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ላይ የኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ማማ በሰማይ ይቅደም። ኦሮማይ የተሻለ የተሠራ መጽሐፍ ነው፣ ፍጥነቱም ጨዋታውም ይበልጣል፤ ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደሚያስዋሽ ማየት ለሚፈልግ ወደር የለውም። ግን "ያ ትውልድ ለምን እንዲህ ሆነ?" ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የምሰጠው የሕይወትን ነው። አማርኛ ለማያነብ ዘመድ ደግሞ ሁለቱም በእንግሊዝኛ አሉ፤ ኦሮማይ በ2025 እ.ኤ.አ. ተተርጉሞ ወጥቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚያ ዘመን ሰው የሞተበት ቤተሰብ ውስጥ ለሚኖር ሽማግሌ ማማ በሰማይን በስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። መጽሐፉን ያለ ምንም ቃል የመለሱልኝ ሰው አሉ።

ስደት፦ የዲናው መንግሥቱ ልብወለድ ወይስ የለምን ሲሳይ ማስታወሻ?

ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ውጭ ለሚያድጉ ልጆች የሚሆኑ ናቸው። ለወላጆቻቸውም ይበልጥ የሚሆኑ ይመስለኛል።

የዲናው የመጀመሪያ ልብወለድ ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ወስዷል። ሽልማቱ ባይኖርም ዋሽንግተን የኖረ ሀበሻ ሊያነበው የሚገባ ነው። ሴፋ እስጢፋኖስ ሎጋን ሰርክል ላይ ትንሽ ሱቅ አለችው፤ አባቱን ወታደሮች ከወሰዱበት በኋላ ነው ከሀገር የወጣው። ሱቋ ብዙም አትሸጥም። ማታ ማታ ከኮንጎና ከኬንያ የመጡ ሁለት ጓደኞቹ ይመጡና እየጠጡ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌላው መፈንቅለ መንግሥቱ የተካሄደበትን ሀገርና ዓመት ይመልሳል። ያ ጨዋታ ያስቃል፤ ሲደጋገም ግን ሦስት የደከሙ ሰዎች በስንት ዓመታቸው እዚያው እንደቆሙ ይገባችኋል። በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ነገር አይከሰትም። "ከዚያስ?" እያለ ለሚያነብ ሰው አይሆንም።

የለምን ሲሳይ ማይ ኔም ኢዝ ዋይ፣ የ2019 እ.ኤ.አ. ማስታወሻ፣ ተቃራኒው ነው። እናቱ ለትምህርት እንግሊዝ የሄደች ኢትዮጵያዊት ናት። በ1967 ሲወለድ ለጊዜው ሊያሳድጉት በተባሉ ነጭ ቤተሰብ እጅ ይገባል፣ ስሙ ኖርማን ይባላል። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ አሳዳጊዎቹ ይመልሱታል፤ ከዚያ ከአንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው። ለምን ገጣሚ ነው፣ ግጥም ሊጽፍበት ይችል ነበር። እሱ ያደረገው ግን የመሥሪያ ቤቱን ፋይል አምጥቶ ገጹ ላይ መለጠፍ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ቀን። አንድ ገጽ የእነሱ ወረቀት፣ ቀጥሎ የእሱ ትውስታ። ወረቀቱ "ልጁ ደስተኛ ነው" ሲል ልጁ ምን ላይ እንደነበር ይነግራችኋል። ከፋይሉ ውስጥ እናቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤ ሲወጣ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጥቼ ተመልሻለሁ።

እዚህ ምርጫው ቀላል ነው። የለምን ማስታወሻ፣ አንድም ሁለትም የለው። ልብወለድ ያን ፋይል ቢፈጥረው ማንም አያምነውም ነበር። እንግሊዝኛውም ቀላል ስለሆነ የሃይስኩል ተማሪ ያለ መዝገበ ቃላት ይጨርሰዋል። የዲናውን ለዋሽንግተንና ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች፣ በተለይ "እመለሳለሁ" እያሉ ሻንጣቸውን ላልፈቱ።

ከሁለቱም ጎራ የማይገባ አንድ መጽሐፍ ልጨምር። አይዳ እደማርያም ስለ አያቷ የጻፈችው ዘ ዋይፍስ ቴል በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2019 የኦንዳቼ ሽልማት አግኝቷል። ጎንደር ውስጥ ገና በልጅነታቸው ለቄስ የተዳሩ ሴት፣ ጣሊያንን፣ ንጉሡን፣ ደርግን አሳልፈው እስከ እርጅናቸው ሲኖሩ ያሳያል። እውነተኛ ታሪክ ነው፣ አተራረኩ ግን የልብወለድ ነው፤ የልጅ ልጅ ከአያቷ አፍ የሰማችውን ይዛ የድግሱን ወጥ፣ የጠላውን ጥንስስ፣ የልቅሶውን ዜማ ሳይቀር ትጽፋለች። ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ጠቁመን ብትሉኝና እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ይህን ግዙ እላለሁ።

ስለ መግዛት ጥቂት ነገር

አማርኛዎቹን ከአዟሪ ስትገዙ ገጹን ቁጠሩ። ፍቅር እስከ መቃብርና ኦሮማይ ፎቶ ኮፒ እየተደረጉ የሚሸጡ ናቸው፤ ሽፋናቸው ደህና ሆኖ መሐላቸው የደበዘዘ ወይም ገጽ የተዘለለ ይገኛል። መሐሉንና መጨረሻውን ሳትገልጡ አትክፈሉ። የተክለሐዋርያትን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን መጻሕፍት መሸጫ ጠይቁ፣ ካጣችሁት ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ስልክ ትታችሁ ሂዱ፤ ሲያገኝ ይደውላል። ለማንበብ ጊዜ የለኝም የምትሉ ደግሞ የወጋየሁን ትረካ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ጥሩ ነው። ከትረካው በኋላ መጽሐፉን ብትይዙ ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ ድምፅ ነው የምታነቧቸው፤ እሱን ማስቀረት አይቻልም።